ከነፋሱ በተቃራኒ የወደቀው ምሰሶ

መርማሪ ኢራይዳ ካንዴላሪዮ የሞቱን ወሬ የሰማችው የመኪናዋን ወንበር ወደ ኋላ አስተኝታ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ዓይኗን ገና እንደ ከደነች ነበር። ሌዮኖራ የተባለው አውሎ ነፋስ ወደ ደሴቲቱ እየቀረበ ነው ከተባለበት ቀን ጀምሮ ጎኗ አልጋ አልነካም። ድልድይ ስትጠብቅ፣ አዛውንት ወደ መጠለያ ስታሸክም፣ በተዘጋ ሱቅ በር የሚያንዣብቡትን ስታባርር ሰነበተች። ነፋሱ ሲያልፍ የተረፋት ያበጠ እግር ብቻ ነው።

ሳጅን ሩፐርቶ መስታወቱን አንኳኳ።

«ፓቲያስ ከተማ፣ ኮረብታው ላይ አንድ ሰው ሞተዋል» አለ። «ዶን አቤላርዶ ቪሩዌት።»

«የአየር ጠባዩ መምህር?»

«እሳቸው ናቸው። በነፋሱ መሃል ጣሪያ ላይ ወጥተው ነው መሰለኝ። ምሰሶው ከነሰውዬው ወርዷል። አየት አድርገሽ ትፈርሚና ሄደሽ ትተኛለሽ።»

«እንዲህ ብለህ የወሰድከኝ ቦታ ሁሉ ሳልተኛ ነው የነጋብኝ» አለችና ጫማዋን ፍለጋ ጎንበስ አለች።

በደቡቡ ጠረፍ ዶን አቤላርዶን የማያውቅ አልነበረም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፊዚክስ አስተምረው ጡረታ ከወጡ በኋላ ጣሪያቸው ላይ ረጅም ቱቦ ተክለው፣ ጫፉ ላይ የነፋስ መለኪያ አስረው፣ በስልካቸው ለሕዝቡ ትንበያ ይናገሩ ነበር። ማዕበል መጣ በተባለ ቁጥር ሰዉ የመንግሥቱን ማስታወቂያ ይሰማና «ቆይ፣ ዶን አቤላርዶስ ምን አሉ?» ይላል። መስኮቱን በጣውላ የሚቸነክረው ከዚያ በኋላ ነው።

ወደ ኮረብታው የሚወስደው መንገድ በወደቀ ዛፍ ተዘግቶ አድሯል። ማለዳ በሞተር መጋዝ የከፈቱት ከዓመታት በፊት የሞተችው የዶን አቤላርዶ ሚስት ወንድም ዶን ሞንሰራቴ ናቸው፤ አስከሬኑንም ያገኙት እሳቸው። አጭር፣ ጠንካራ፣ ከዕድሜያቸው ግማሹን በአውሮፕላን ማረፊያ ራዳር ሲጠግኑ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። መኪናዋ ስትደርስ መጋዙን ጭናቸው ላይ አድርገው በሩ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«አልነካሁትም» አሉ። «አንገቱን ብቻ ነካሁ። ቀዝቅዟል።»

ዶን አቤላርዶ ከቤቱ በስተምሥራቅ ባለው ጓሮ በጀርባቸው ተንጋለዋል፤ ምሰሶው ከጣሪያው ወርዶ ደረታቸውን አቋርጦ ተጋድሟል። ሩፐርቶ ወረቀቱን አወጣ። ኢራይዳ ግን አስከሬኑን ትታ ወደ ሙዙ ማሳ ዞረች። ቤቱን የከበበው ሙዝ አንድም ሳይቀር ከሥሩ ተገንድሷል። ሁሉም ራሱን ወደ አንድ አቅጣጫ ጥሎ፣ የተበጠረ ፀጉር መስሎ ተኝቷል። ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ የሟቹን ጫማ ተመለከተች፤ የሁለቱም ተረከዝ ከኋላ ተፍቆ ነጭ ሆኗል።

«ደረጃው የት ነው?» አለች።

ወደ ጣሪያው የሚያወጣው የሲሚንቶ ደረጃ ከቤቱ በስተምዕራብ፣ ከመኪና ማቆሚያው ጥላ ሥር ነው። የመጨረሻው የታችኛው ደረጃ ጥግ ላይ፣ ዝናብ ባልደረሰበት ቦታ፣ የደረቀ ደም አገኘች። ትንሽ ነው። ጣሪያው ላይ ወጥታም ምሰሶው ቆሞበት የነበረውን የብረት ሰሌዳ አየች። ብሎኖቹ አልተሰበሩም፤ ተፈትተው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

«ምናልባት ማዕበሉ ሳይመጣ ሊያወርዱት ፈልገው ይሆናል» አለ ከኋላዋ የወጣው ሩፐርቶ።

«አቤላርዶ?» አሉ ዶን ሞንሰራቴ ከታች። ሰምተው ኖሯል። «ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቀው ያንን ነፋስ ለመለካት ነው እኮ! ቤቱን አፍርስ ብትለው ያፈርሳል እንጂ ምሰሶዋን አያወርድም።»

ኢራይዳ ወርዳ አጠገባቸው ተቀመጠች። «ዶን ሞንሰራቴ፣ እኔ ስለ ነፋስ የማውቀው ጃንጥላዬን እንደሚገለብጥ ብቻ ነው። ትናንት ምን እንደተባባላችሁ እንደ ሕፃን አስረዱኝ።»

«ማን ማን?»

«እዚህ የነበራችሁ ሁሉ።»

«እንግዲህ አራት ነን። አቤላርዶ፣ እኔ፣ ጋማልየርና ኦቲልያ። ማዕበል ሲመጣ እዚህ ጥላ ሥር ተሰብስበን የፓስታውን ካርታ እናያለን።»

«የፓስታ?»

«የኮምፒውተር ሞዴሎቹ እያንዳንዳቸው ማዕበሉ የሚሄድበትን መስመር ያወጣሉ። ሁሉንም አንድ ላይ ስታደርጊው ሳህን ላይ የተደፋ ፓስታ ነው። ትናንት ፓስታው ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ማዕበሉ ከኛ በስተደቡብ፣ በባሕሩ ላይ ያልፋል አለ። ግማሹ ደግሞ ይታጠፍና በሰሜን በኩል ይመጣብናል አለ።»

«እርስዎስ?»

«እኔ ራዳር ላይ ሳላየው ምንም አላምንም። ሞዴል ሊሆን የሚችለውን ነው የሚነግርሽ፤ ራዳር የሆነውን። አቤላርዶ በደቡብ ነው የሚያልፈው ብሎ ድርቅ አለ። ጋማልየር በሰሜን ነው ብሎ ጮኸ፤ ለነገሩ እሱ ሳይጮህ ውሎ አያውቅም። ኦቲልያ ሳንድዊች ስትቆርጥልን ዋለች፤ ምንም አላለችም። ከዚያ ሁላችንም ቤታችንን ልናስር ተበተንን።»

«በደቡብ ቢያልፍና በሰሜን ቢያልፍ እዚህ ቤት ላይ ልዩነቱ ምንድን ነው?»

ሽማግሌው እጃቸውን አየር ላይ አሽከረከሩ። «ይህ ነፋስ ሁልጊዜ ወደ ግራ ነው የሚዞረው። በደቡባችን ካለፈ ከምሥራቅ ይመታናል። በሰሜናችን ካለፈ ከምዕራብ።»

«ትናንት ከየት መታችሁ?»

«ከምሥራቅ ነዋ! አቤላርዶ ልክ ነበር። ልክ መሆኑን ሳያይ ሞተ እንጂ።» ድምፃቸው ተሰበረና መጋዙን መሬት አስቀምጠው ዓይናቸውን ጠረጉ። «አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ማምሻውን ሐሳቡን ቀየረ። ስልካችን ከመቋረጡ በፊት ገጹ ላይ ‹ተሳስቻለሁ፤ ላ ረሳካ ያላችሁ ሁሉ አሁኑኑ ውጡ› የሚል ጽፎ አየሁ። አቤላርዶ በሕይወቱ ‹ተሳስቻለሁ› ያለው አንዴ ብቻ ነው።»

«መቼ?»

«ያለፈው ትልቁ ማዕበል ጊዜ። እዚያው ላ ረሳካ። ‹ወንዙ አይሞላም፣ ቤታችሁ ሁኑ› አላቸው። ወንዙ ሞላ።»

ላ ረሳካ ከኮረብታው ግርጌ፣ ወንዙ ከባሕሩ በሚገናኝበት ያለች የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት። በመልእክቱ ምክንያት ነዋሪው በሙሉ ፍራሹን ተሸክሞ ወጥቶ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ አድሯል። ኢራይዳ ይህንን ታውቃለች፤ ካሸከመቻቸው አዛውንት ብዙዎቹ ከዚያ ነበሩ።

«ሩፐርቶ፣ ሰው ገድሎ መንደር የሚያድን ምን ዓይነት ሰው ነው?» አለችው መኪናው ውስጥ።

«ገድሎ? ነፋሱ አይደለም እንዴ?»

«ነፋስ ብሎን ፈትቶ ጎን ለጎን አያስቀምጥም። መልእክቱንም የጻፉት እሳቸው አይመስሉኝም።»

መጀመሪያ የዶን ሞንሰራቴን ቤት አልፈው ወረዱ። አራቱም ጎን በጣውላ ተቸንክሯል፤ የውሻው ቤት ሳይቀር። ቀጥሎ ያለው የጋማልየር ነው። ጋማልየር ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ጢሙን በጥንቃቄ የሚከረክም፣ የቀጥታ ሥርጭቱን ተከታዮች «ቤተሰቤ» የሚል ሰው ነው። ጄኔሬተሩን አስነስቶ ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ ሲታገል አገኙት። የሞቱን ወሬ ሲሰማ ጄኔሬተሩን አጠፋው።

«እኔ አይደለሁም!» አለ።

«አንተ ነህ ያለህ ማን ነው?» አለች ኢራይዳ።

«አይ፣ ሰው ሊል ይችላል ብዬ ነው። ትናንት ተሰዳድበናል። ‹ሽማግሌ፣ ከኮምፒውተርህ ጋር አርጅተሃል› ብያቸዋለሁ። እሳቸውም ‹አንተ ማዕበል ሳይሆን ጭብጨባ ነው የምትተነብየው› አሉኝ። ግን እወዳቸው ነበር። የራዳር ሥዕል ማንበብ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።»

«ነፋሱ ከየት ይመጣል ብለህ ነበር?»

«በሰሜን ዞሮ፣ ከምዕራብ። ሙሉ ቀን በቀጥታ ሥርጭት ተናግሬያለሁ። ሕዝብ ምስክሬ ነው።»

ኢራይዳ ቤቱን በዝግታ ዞረችው። ጣውላ ያለው በምሥራቁ መስኮቶች ላይ ብቻ ነው። በምዕራብ በኩል መጋረጃው በተከፈተ መስኮት ይወዛወዛል፤ መኪናውም ከዚያው ግድግዳ ተጠግታ ቆማለች፤ ጭረት እንኳ የላትም።

«ቤትህ ደኅና ነው» አለችው።

«ተመስገን ነው» አለ ጋማልየር፣ ፊቱን አዙሮ።

የኦቲልያ ማርካኖ ቤት መታጠፊያው ላይ ነው። ኦቲልያ ነርስ ናት፤ ሃምሳዎቹ ውስጥ ያለች፣ በሽተኛ ብቻዋን አንስታ የምታገላብጥ፣ ትከሻዋ ሰፊ ሴት። ቤቷ ውስጥ ውሃ ስትጠርግ ደረሱ። የምሥራቁ መስኮት ረግፎ ስብርባሪው አልጋው ላይ ሳይቀር ተበትኗል፤ ፍራሹ ውሃ ጠጥቶ አብጧል። በምዕራብ በኩል ያሉት መስኮቶች ግን እስካሁን በጣውላ ተከድነው ክፍሉን አጨልመውታል።

ኢራይዳ ሳትጠየቅ የፍራሹን ጫፍ ይዛ አወጣችላት። ሁለቱ ሴቶች እያለከለኩ አጥር ላይ አሰጡት።

«እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ እህቴ» አለች ኦቲልያ። «ደክሞሻል፤ ከዓይንሽ ያስታውቃል።»

«እርስዎም አልተኙም፣ ዶኛ ኦቲልያ።»

«በዚህ አልጋ ማን ይተኛል?»

ኢራይዳ ስለ ዶን አቤላርዶ ነገረቻት። ኦቲልያ መወልወያውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። «እንዴት?» ብላም አልጠየቀችም።

«ትናንት እርስዎ ምን ብለው ነበር? ስለ ማዕበሉ።»

«እኔ ሁልጊዜ ከዶን አቤላርዶ ጋር ነኝ። በደቡብ ያልፋል ካሉ በደቡብ ያልፋል። እንዳሉትም ሆነ።»

«ከሄዳችሁ በኋላ ተመልሰው ወጥተው ነበር?»

«ወዴት? ቤቴን ሳስር ነው የዋልኩት።»

ኢራይዳ የጨለመውን ክፍል አየች፤ እርጥቡን ወለል አየች። የምትለው ነገር ምላሷ ላይ ነበር። ግን ሦስቱ ባሉበት ማለቅ እንዳለበት አወቀች፤ ያለዚያ ሁለቱ ዕድሜ ልካቸውን በጥርጣሬ ሲተያዩ ይኖራሉ። «ልብስዎን ይቀይሩና እንሂድ» አለቻት።

አስከሬኑ ከተነሣ በኋላ ሦስቱም የፓስታውን ካርታ ያዩበት ጥላ ሥር ተሰበሰቡ። ወንበሩ አራት ስለ ነበር አንዱ ባዶ ቀረ፤ ኢራይዳ ግን ልትቀመጥበት አልፈለገችም፤ ግድግዳው ላይ ተደገፈች።

«አጭር አደርገዋለሁ» አለች። «ሁላችንም ደክሞናል። ዶን አቤላርዶ ከጣሪያ አልወደቁም። የሞቱት እዚህ፣ ይህ ደረጃ ላይ ነው፤ ደሙ አለ። ከዚያ አንድ ሰው በብብታቸው ይዞ ጎትቷቸዋል፤ የጫማቸው ተረከዝ ሲሚንቶው ላይ ተፍቋል። ወጥቶም የምሰሶውን ብሎን ፈትቶ ቱቦውን ገፍቶ ጣለባቸው። ነፋስ የጣለው እንዲመስል።»

ዶን ሞንሰራቴ አማተቡ። ጋማልየር ሁለቱን ሰዎች በየተራ አየ።

«አሁን ይህንን አስቡ። ደረጃው በምዕራብ ነው። ለምዕራቡ ጓሮ አምስት እርምጃ አይሞላም። ሰውዬው ደግሞ ከባድ ናቸው። ለምን ቤቱን በሙሉ ዞሮ ወደ ምሥራቅ ይጎትታቸዋል?»

«ከምዕራብ የሚመጣ ነፋስ ሰውን የሚጥለው ወደ ምሥራቅ ስለሆነ» አሉ ዶን ሞንሰራቴ ቀስ ብለው። ካሉት በኋላ ትርጉሙ ገባቸውና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

«አዎ። ይህ የተደረገው ነፋሱ ሳይመጣ ነው። ያደረገው ሰው ነፋሱ ከምዕራብ እንደሚመጣ እርግጠኛ ነበር። ነፋሱ ግን ከምሥራቅ መጣ። ሙዙ ሁሉ ወደ ምዕራብ ተኛ፤ ምሰሶው ብቻውን ነፋሱን ተቃውሞ ወደቀ። መንገዱ በዛፍ ስለ ተዘጋ ሰውየው ተመልሶ ሊያስተካክለው አልቻለም።»

ሁሉም ጋማልየርን አየው። ጋማልየር ተነሣ።

«ቆይ! እኔ ሰሜን ብዬ ጮህኩ እንጂ…»

«ተቀመጥ። አንተ አይደለህም» አለችው። «በአፍህ ምዕራብ አልክ፤ ሚስማርህን ግን በምሥራቅ ነው የመታኸው። መኪናህን ደግሞ ከምዕራቡ ግድግዳ አስጠጋህ። ዶን አቤላርዶ ልክ መሆናቸውን ልብህ ያውቅ ነበር።»

ጋማልየር ፊቱ ቀላ። «ሰው ካልፈራ አያይም» አለ፣ በቀጭን ድምፅ። «ባሕር ላይ ያልፋል ካልኩ ማን ያየኛል?»

«ነውረኛ!» አሉ ዶን ሞንሰራቴ።

«እርስዎ አራቱንም ጎን ቸነከሩ» አለች ኢራይዳ ወደሳቸው ዞራ። «ከየት እንደሚመጣ የማያውቅ ሰው ሬሳ ይዞ ቤት አይዞርም። ደግሞም ቀድመው የደረሱት እርስዎ ነበሩ፤ ሙዙን አይተው ምሰሶውን ለማዞር ጊዜ ነበረዎት። አልነኩትም።»

ከዚያ በኋላ ስም መጥራት አላስፈለጋትም። ኦቲልያ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ የሲሚንቶውን ወለል ታያለች።

«ከዶን አቤላርዶ ጋር ነበርኩ አሉኝ፣ ዶኛ ኦቲልያ። ቤትዎ ግን በምዕራብ ብቻ ነው የተቸነከረው። ነፋሱ በምሥራቅ ገብቶ አልጋዎን አረጠበው።»

«እናቴ ላ ረሳካ ነበር የምትኖረው» አለች ኦቲልያ። ለማንም የምትናገር አትመስልም ነበር። «ያን ጊዜ ልወስዳት ሄድኩ። ‹ዶን አቤላርዶ አይሞላም ብለዋል፤ አንቺ ከሳቸው ታውቂያለሽ?› አለችኝ። ትቻት ሄድኩ። ያገኘናት ከነወንበሯ ነው። እሳቸው በየዓመቱ በሞተችበት ቀን ቤቴ መጥተው ዝም ብለው አብረውኝ ይቀመጡ ነበር። እዚህ መምጣት የጀመርኩትም ለዚህ ነው። ካርታውን ራሴ ላነብ። ዳግመኛ የሰው አፍ ላለማመን።»

«ትናንትስ?»

«ሁሉም ሲሄድ ተመለስኩ። መስመሮቹ ወደ ሰሜን ሲታጠፉ በዓይኔ አይቻለሁ። ‹መንደሩን ያውጡት› ብዬ ለመንኳቸው። ‹ኦቲልያ፣ ዛሬ በከንቱ ብጮህ የሚቀጥለው ጊዜ አይሰሙኝም፤ ያኔ ያልቃሉ› አሉኝ። ስልካቸውን ነጠቅኩ። ይዘው ታገሉኝ። ደረጃው ላይ ነበርን። ለቀቁት… ወይም ለቀቅኋቸው። አላውቅም።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ነርስ ነኝ። አንገታቸውን ስይዝ አልቆ ነበር። ስልኩ እጄ ላይ ክፍት ነው። መጀመሪያ መንደሩን አስወጣሁ። መፍራት የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው።»

ከሩቅ የአንድ ቤት ጄኔሬተር ይንተከተካል።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች ኦቲልያ ቀና ብላ። «ላ ረሳካ ምን ሆነች? ውሃው እስከ የት ደረሰ?»

ኢራይዳ መዋሸት አማራት። ከሰነበተባት ድካም ሁሉ ያቺ ቅጽበት ከበደቻት።

«አልገባም» አለች። «ወንበር እንኳ አልረጠበም።»

ኦቲልያ ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ የበሽተኛን ውጤት ሰምታ እንደምትቀበል ነርስ። ከዚያ ተነሥታ እጆቿን ዘረጋች። ኢራይዳ ካቴናውን አላወጣችም። ዶን ሞንሰራቴ ሲያልፉ ትከሻዋን ሊነኩ እጃቸውን አነሡና መለሱት።

ቁልቁለቱ ላይ መኪናው በሰው ተዘጋ። የላ ረሳካ ሰዎች ከትምህርት ቤቱ ወደ ቤታቸው እየተመለሱ ነው፤ ፍራሽ በራሳቸው፣ ዶሮ በብብታቸው፣ ጋዝ ምድጃ በጋሪ። ሩፐርቶ ጥሩንባ ሊነፋ ሲል ኢራይዳ እጁን ያዘችው። አንዲት አሮጊት የኋላውን መስኮት አንኳኩ። ኢራይዳ ዘወር ብላ አየችና መስታወቱን ዝቅ አደረገችላቸው።

«ኦቲ! አንቺ ነሽ?» አሉ አሮጊቷ። «የማንን በሽታ ልታዪ ነው በፖሊስ መኪና? ዕረፍት አይሰጡሽም እኮ!» በፌስታል የያዙትን ዳቦ ቆርሰው ጭኗ ላይ አኖሩ። «ብዪ፣ ከትምህርት ቤቱ ነው የሰጡን፤ ለስላሳ ነው። ወደ ዶን አቤላርዶ ከወጣሽ ደግሞ አመስግኚልኝ። ምንም አልመጣም፤ ግን ያን ጊዜ ‹ቤታችሁ ሁኑ› ያሉን ሰውዬ አሁን አስበውልናል። ይህችን ብቻ ንገሪልኝ።»

የስልክ መስመሩ ገና አልተጠገነም። ወሬው እዚያ አልደረሰም።

ኦቲልያ ዳቦውን በሁለት እጇ ይዛ ቆየች።

«እነግራቸዋለሁ» አለች።

ሕዝቡ መንገዱን እስኪለቅ ድረስ መኪናው ሳይንቀሳቀስ ቆመ።